ሹም የሚሉት እንጨት

ወንድሜን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «አፍንጫ» በሚለው ስሙ ነው። እናታችን ባወጣችለት ስም የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም ሲያናድደኝ ብቻ፤ ያው በየቀኑ ማለት ነው። ሰላም በሆንን ጊዜ ደግሞ እንደ ታናሽነቴ «ጋሼ» እለዋለሁ።

ስሙ ከአፍንጫው ግዝፈት የመጣ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም፤ አፍንጫውስ የማንም ሰው አፍንጫ ነው። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ጣውላ ሲያመጡለት አውራ ጣቱን በምራቁ ያርስና እንጨቱን ፈተግ ፈተግ ያደርገዋል፤ ከዚያ አፍንጫው ላይ ደቅኖ ዓይኑን ይጨፍናል። የእንጨት ሥራ ግቢያችን ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ዝም ይላል። ቀጥሎ ፍርድ ይወርዳል። «ይሄ ረግረግ ውስጥ የበቀለ ነው፤ ለበር አይሆንም።» ወይም «ይሄ ላዩ ነው የደረቀው፤ ሆዱ ገና ያለቅሳል።» ወይም ደግሞ «ይሄ ሹም አይደለም ወንድሜ፤ የሹም አሽከር ነው። ቀለም አጥበው ሸጠውልሃል።» ጣውላውን ሲሰነጥቁት እንዳለው ሆኖ ይገኛል። በዚያ ዘመን ሲሳሳት አላየሁም። ይህን የምለው እህቱ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ እህት ከሁሉ ቀድማ ስህተት የምትፈልግ ሰው ናት።

ሹም ያልኩት እንጨቱን ነው። ነጋዴዎቹ ሌላ ስም አላቸው፤ በእኛ ግቢ ግን ስሙ ሹም ነው። የሚመጣው ሙቀትና ዝናብ ከማይለየው ጫካ ነው፤ ዛፉን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም ይላሉ። ለምን ሹም እንደተባለ ሰንጣቂያችን፣ ማለት ትልቁን መጋዝ የሚነዳው ሰው፣ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ እንዲህ ብሎ ያስረዳል።

«አይጎነበስም። ምስጥ አይደፍረውም። ዝናብ ላይ ብትጥለው አይበሰብስም። ሲመጣ ቢጫ ነው፤ ውሎ ሲያድር ይጠቁርብሃል። ሆዱን ብትከፍተው ድንጋይ ታገኛለህ። አጠገቡ የቆመ ሁሉ ያለቅሳል። እንግዲህ ምን እንበለው?»

ቀልድ ነው፤ ግን አንዱም ውሸት የለበትም። አዲስ የተሰነጠቀ ሹም እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው፤ ብርሃን እያገኘ ሲሄድ ቡናማ ይሆናል፤ እኔ የመጨረሻውን ቅብ፣ ሉስትሮውን፣ ስቀባው ደግሞ የማር መልክ ያወጣል። ለውጭ በር፣ ለደረጃ፣ ለጀልባ ወለል፣ አሲድ ለሚደፋበት የቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ከእሱ የተሻለ የለም። አንዴ በወጉ ከደረቀ አይጣመምም፤ ሳይደርቅ የሠሩበት ሰው ግን ጉዱ ይፈላል፤ በኋላ እየተሳበ ሥራውን ያፈርሰዋል። ድንጋዩም እውነት ነው። ዛፉ ሲቆስል በቁስሉ ውስጥ ነጭ ጠጠር ያበቅላል፤ እሱ ላይ ያረፈ መጋዝ ጥርሱን ያራግፋል። ለቅሶውም እውነት ነው። ብናኙ ዓይን ያስለቅሳል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ደረት ውስጥ ይገባና አልወጣም ይላል። «አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ሹም ሰንጥቆ የሚያውቅ ይመስለኛል።

በግቢያችን ደግሞ አንድ ልማድ አለ። አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ ሰሞን ያስነጥሰዋል፤ ያ ምንም አይደለም። አንድ ቀን ግን ሲያስነጥስ ደም ጠብ ይላል። ያኔ ማሽኑ ይቆማል፣ ሁሉም መዶሻውን ያነሳና ጣውላ እየደበደበ «ተሾመ! ተሾመ!» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው ስለ እንጨት አፉን መክፈት ይፈቀድለታል። ከዚያ በፊት አስተያየት ቢሰጥ «አንተ ገና አልተሾምክም» ይባላል፤ አለቀ። ይህን ጅልነት ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ሰው በደማ ቁጥር የሚጨፍሩ ወንዶች መሀል ዕድሜዬን ፈጀሁ።

እኔ የምውለው በጓሮ በኩል ነው፤ ብናኝ እርጥብ ሉስትሮ ላይ ካረፈ ሥራው ስለሚበላሽ ከማሽኑ ያርቁኛል። ያተረፈኝ ይኸው ነው፤ ሥራዬ እንጂ ብልጠቴ አይደለም። ለሌሎቹ ማስክ ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጋሼ የራሱን ምስማር ላይ ሰቀለው፤ እዚያው እንደተሰቀለ ሸረሪት ልጅ አሳደገችበት። «አፍንጫውን የሸፈነ አናጢ ዓይኑን የሸፈነ ሾፌር ማለት ነው» አለ። ሠራተኞቹ ሳቁና የእነሱንም ሰቀሉ።

ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። «አንተ የተጋባኸው ከእንጨት ጋር ነው» አለችው፤ አልተሳሳተችም። ትንሿን ልጃቸውን ግን ትታለት ነው የሄደችው። እኔና እሱ አሳደግናት። ዳዴ ያለችው ሰጋቱራ ላይ ነው፤ አሻንጉሊቷ የጣውላ ቁራጭ ነበር። ጋሼ በዓለም ላይ ከእንጨት የበለጠ የሚወደው ነገር እሷ ብቻ ናት፤ እሱንም በአፉ ብሎት አያውቅም።

አፍንጫው መሞቱን ያወቅሁት በአይጥ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት በምትመላለስበት ዘመን እሱ ከሚተኛበት ክፍል ወለል ስር አይጥ ሞታ ኖሯል። ሽታው እንግዳን ከደጅ ይቀበላል። ምን ሆኖ ነው ብዬ አፌን በሻርፔ ይዤ ብገባ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ምሳውን እያጣጣመ ይበላል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ምኑ?»

«ግማቱ ነዋ! አፍንጫህ የት ሄዶ ነው?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ወለሉን ብዙ አየ፣ እኔን አየ። «ይሸታል እንዴ?» አለኝ። ድምፁ የትልቅ ሰው ድምፅ አልነበረም። እዚያው ግማቱ መሀል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቀስ በቀስ እንደሄደበት ነገረኝ። መጀመሪያ ሳሙናው ጠፋ፣ ቀጥሎ ሉስትሮው፣ በመጨረሻ ሹም ራሱ። እስካሁን በክብደቱ፣ ሲያንኳኩት በሚሰጠው ድምፅና በዕድል ሲፈርድ ኖሯል። «ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለኝ። «ሰው እኛ ጋ የሚመጣው ለዚህ ነው» ብሎ አፍንጫውን ነካ። «ይሄ ከሌለ አናጢ በየመንገዱ አለ።»

እና አንድ ዘዴ ፈጠርን። ጣውላ ሲራገፍ አቧራውን በጨርቅ የምጠርገው እኔ ሆንኩ፤ ስጠርግ አሸታለሁ። የሱን ያህል ባይሆንም ደረቁን ከእርጥቡ ለመለየት አላንስም፤ እርጥብ ሹም ጎምዘዝ ይላል። ደረቅ ከሆነ ዝም ብዬ እቆማለሁ፤ እርጥብ ከሆነ ሻርፔን አስተካክላለሁ። እሱ አውራ ጣቱን ያርሳል፣ ጣውላውን ይፈትጋል፣ አፍንጫው ላይ ይደቅናል፤ ዓይኑን ከመጨፈኑ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ትከሻዬ መለስ ብሎ ያያል። ከዚያ ይፈርዳል። ሰዉ አፉን ይከፍታል። እኔ በሆዴ «አፍንጫስ እኔ ነኝ» እላለሁ። እንዲህ እየሆነ ዓመታት አለፉ፤ አንድም ሰው አልጠረጠረም፤ ወይም እኛ እንደዚያ መሰለን።

ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ ቢሮ ተቀጠረች፤ ከዚያ ቢሮውን ጥላ ወደኛ መጣች። «ወረቀት ምንም አይሸትም» አለችኝ። በመጣች በመጀመሪያው ቀን አንድ ጣውላ ወደ ፊቷ አስጠግታ «አክስቴ፣ ይሄ ጎምዛዛ ነው፤ አልደረቀም እኮ» ስትል ክው አልኩ። ልክ ነበረች። የአባቷ አፍንጫ ከነነፍሱ እሷ ላይ ነበር።

የዚያኑ ቀን ማስክ ሰጠኋት።

«አባዬ መቼ ሸፍኖ ያውቃል?» አለችኝ።

«የእሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ? ዕድሜ ልኩን ሳይሸፍን ሠርቶ ይኸው አፍንጫው እንደ ምላጭ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ያን አይቶ አይደል የማይሸፍነው?» ይህን ስትል ፊቴን ትክ ብላ ታይ ነበር። ምን ብዬ ልመልስላት? ምስጢሩ የእኔ አይደለም። ማስኩ ከአባቷ ማስክ ጎን ምስማር ላይ ዋለ።

በዚያው ሰሞን የጋሼ ደረት እንደ ወናፍ ማፏጨት ጀመረ። ሐኪሙ «ወይ እንጨቱን ወይ ትንፋሽህን ምረጥ» አለው። እሱ ሁለቱንም መረጠ፤ ከማሽኑ ክፍል ወጥቶ በሹም የተሠራ ወንበሩን ደጃፉ ላይ አድርጎ ከዚያ ሆኖ ማዘዝ ያዘ።

«ንገራት» አልኩት። «አንተን አይታ ነው ደረቷን ከፍታ የምትገባው። እንደማይሸትህ፣ ለምን እንደማይሸትህ ንገራት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንተማ የደበቅከው የራስህን ብቻ አይደለም።»

«እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«ይሄ የአዳራሹ በር ይለቅና።»

ለአንድ ትልቅ አዳራሽ በር ታዞ ነበር። አሠሪው ጣውላው ሲመረጥ ለማየት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ፤ በር የሚያክል ሰፊ ሰውዬ ነው። «የታወቀውን አፍንጫ በዓይናችን እንይ ብለን ነው» አለ እየሳቀ። ጣውላዎቹ ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል። እኔ ጠርጌ ጨርሻለሁ፤ ከሁሉም አንዱ ብቻ ጎምዝዟል። ጋሼ ከወንበሩ ተነስቶ እያለከለከ አንድ በአንድ ደቀነ። «ደረቅ። ይሄም ደረቅ። ይሄ ለላይኛው ይሁን።» ጎምዛዛው ዘንድ ሲደርስ ሰፊው ሰውዬ በደንብ ልይ ብሎ በእኔና በእሱ መሀል ገባ።

ሻርፔን ነካሁ። ሳብኩት። ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ሰውዬው እንደ ቁም ሣጥን ተገትሯል። ወደ ግራ ስል እሱም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስል እሱም ወደ ቀኝ፤ አንቄ ባወጣው ደስ ባለኝ። ጋሼ ትከሻዬን ፈለገ፣ አጣው፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ደረቅ» አለ።

«አባዬ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፤ «እሱ እንኳን እርጥብ ነው።»

ጋሼ ወዲያው ገባው፤ ከፊቱ አውቄዋለሁ። «ልክ ናት» ቢል ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር፤ ስሙ ትንሽ ይጎድል ነበር፣ እሷ ግን ትተርፍ ነበር። ዙሪያውን የቆሙትን ሰዎች አየ።

«አንቺ ገና አልተሾምሽም» አላት።

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ሰፊው ሰውዬም ምን እንደተባለ ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ አንገቷን ደፍታ ጣውላውን ከደረቆቹ ጋር ደረደረችው። እኔ ወንድሜን የዚያን ቀን ጠላሁት። ዝም ብሎ ማኩረፍ አልነበረም፤ ጠላሁት ነው የምለው።

በማግስቱ ልጅቷ ሰንጣቂው ጎን ቆመች። «ልሾም ነው» አለች፤ የቀለደች መስላ። ብናኙ እንደ ጭጋግ ከሚሞላበት ክፍል ጠዋት ገብታ ማታ ቢጫ ሆና ትወጣለች። ማስክ ይዤ እከተላታለሁ፤ ግንባሬን ስማ ትመልሰኛለች። ወደ ጋሼ እሄዳለሁ።

«በሩ ይለቅ አላልክም? አለቀ እኮ።»

«ነገ» ይለኛል።

ነገ የሚባለው ቀን ግን መጥቶ አያውቅም። በጋው ሲከር በሩ ተሳበ። እርጥቡ ጣውላ ሲደርቅ ጎረቤቶቹን ይዞ ተሰነጠቀ፤ እጅ የሚያሾልክ ክፍተት ወጣው። ሰፊው ሰውዬ መጣ፤ አሁን አይስቅም። «የቱ አፍንጫ ነው ይሄን የመረጠው?» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አፉን ከፈተ፣ ሳል ቀደመው። ልጅቷ ከማሽኑ ክፍል ወጣች።

«ጣውላውን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ» አለች። «አባቴ የመረጠው ሌላ ነበር። በሩን እንደገና እንሠራለን፤ እኔው እሰነጥቀዋለሁ።»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» የሚባለውን ሰምቻለሁ፤ ልጅ የአባቷን እከክ በገዛ እጇ ራሷ ላይ ስትለክክ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ጋሼ ሳሉ አቆመ። ግን ምንም አልተናገረም።

አዲሱን በር እሷ ሰነጠቀች። ከስታ ነበር፤ ዓይኗ ሁልጊዜ ቀይ ነው። አንድ ቀን ቤት ስገባ እሳት ላይ የጣደችው ወተት ገንፍሎ አርሯል፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ፀጉሯን ታበጥራለች። ደክሟት ነው ብዬ ምድጃውን ጠራረግሁ።

የመጨረሻው ጣውላ በተሰነጠቀበት ቀን ከጓሮ ሆኜ ማሽኑ ሲቆም ሰማሁ። ቀጥሎ መዶሻው ጀመረ። «ተሾመች! ተሾመች!» ብሩሼን ጥዬ ሮጥኩ። ልጅቷ መሀላቸው ቆማለች፤ የላይኛው ከንፈሯ ላይ ደም አለ፣ ፈገግ ለማለት ትሞክራለች። ጋሼ ከወንበሩ ተነስቷል። ሐኪም ከከለከለው ክፍል፣ ከዚያ ሁሉ ብናኝ መሀል ግድግዳ እየደገፈ ገባና የሰንጣቂውን መዶሻ በእጁ ያዘው።

«አቁሙ!» አለ። ትንፋሽ እስኪያገኝ ጠበቁት። «እኔ አይሸተኝም። ከሄደብኝ ብዙ ዓመቱ ነው። አፍንጫዬን የበላው ይሄ ነው» ብሎ ወለሉ ላይ ያለውን ሰጋቱራ በእግሩ መታ። «የምመርጠው እህቴን እያየሁ ነበር። በሩንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልጄ አጠገብ አታጨብጭቡ።»

ሰንጣቂው መዶሻውን ለቀቀለት። ልጅቷ በእጇ ጀርባ ደሟን ጠረገች።

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለች።

«ምን?»

«ከትንሽ ልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የአክስቴን ሻርፕ አየው ነበር። ያን ቀን ሰውዬው ጋርዶህ ሻርፑ ሳይታይህ ቀረ፤ ለእኔ ታየኝ። ለዚያ ነው የተናገርኩት።»

ጋሼ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ማሽኑን ያዘ። «ታዲያ ካወቅሽ ለምን አትሸፍኚም ነበር? ልጄ፣ ለምን?»

«ብሸፍን ለምን ሸፈንሽ ይሉኛል። አባትሽ ሳይሸፍን ኖሮ የለም ወይ ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ?»

ስንነግራት ትሸፍናለች ብለን ስንጨቃጨቅ፣ ለካ እሷ እኛን ሸፍና ኖራለች። ጋሼ ሄዶ ከምስማሩ ላይ ሁለቱን ማስክ አወረደ፤ የሸረሪቱን ድር አራገፈና አዲሱን በገዛ እጁ አሰረላት። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ የየራሳቸውን ፍለጋ ሄዱ። የዚያን ዕለት ወንድሜን ይቅር አልኩት። ዘግይቷል፤ ግን ደርሷል ብዬ አመንኩ።

ወሬ አይቆምምና «አሮጌው አፍንጫ ሞቷል፤ አሁን አፍንጫዋ ልጅቷ ናት» የሚለው በየእንጨት ቤቱ ተዳረሰ። ከሳምንታት በኋላ አዲስ ሹም ተጭኖ መጣ፤ ትልቅ ሥራ የያዘ አሠሪም አብሮ መጣ። ጣውላው ተራገፈ፣ እኔ እንደልማዴ ጠረግሁ። አንዱ ጎምዛዛ ነበር። አሁን ግን የእኔ ጉዳይ አይደለም ብዬ ጨርቄን አጥፌ ዳር ቆምኩ። ግቢው ዝም አለ። ልጅቷ ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች፣ አውራ ጣቷን አራሰች፣ ጎምዛዛውን ጣውላ ፈተገችና አነሳች። ጋሼ ከወንበሩ ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«የኔ ቢሞትም እሷ ላይ አለ» አለኝ። «ይበቃኛል።»

ልጅቷ ጣውላውን አፍንጫዋ ላይ ደቀነች። ዓይኗን ከመጨፈኗ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ትከሻዬ መለስ ብላ አየች።

ያረረው ወተት ትዝ አለኝ። ሻርፔን አስተካከልኩ።

«ይሄኛው እርጥብ ነው» አለች።

ጋሼ አጨበጨበ።